ዜሮ የተባለ ሥራ

ሰኞ ማታ ፊዚክስ፣ ረቡዕ ፍልስፍና፣
ዓርብ ደግሞ ስፖርት አለ፣ ወገብ እስኪቀና።
ሃምሳ ሁለት ዓመቴ፤ የመጀመሪያ ዓመት ነኝ፣
የክፍሉ ልጅ ሁሉ ‹ማናንግ› እያለ የሚጠራኝ።
ታላቅ እህት ማለት ነው፣ በኢሎኢሎ አፍ፤
ወንበር ይለቁልኛል፣ መስኮት ያለበት ጫፍ።

መምህርት ቪላፍሎር ጠመኔዋን ይዛ
ሰሌዳው ላይ ጻፈች፣ ጥቂት ተክዛ፦
‹ሥራ ማለት ኃይል ነው፣ በርቀት ሲባዛ።
አንድ ሰው ግድግዳ ከጠዋት እስከ ማታ
ቢገፋ፣ ቢገፋ፣ ቢዝል፣ ቢንገላታ፣
ግድግዳው ካልሄደ፣ ንቅንቅ ካላለ፣
የሠራው ዜሮ ነው፤ ሥራ የሚባል የለ።›

ልጆቹ ገለበጡ። አጠገቤ ኔልሚ
ዜሮዋን በቀይ ከበበቻት።
የኔ እስክሪብቶ ቆመ።

ፖንሲያኖ ባሌ ጀልባ ነጂ ነበር፤
ከጊማራስ ማንጎ ጭኖ የሚሻገር።
አንድ ቀን ማለዳ ግራ ጎኑ ከዳው፤
ባሕር ያልጣለውን የገዛ ደሙ ጎዳው።
ዘጠኝ ዓመት ያዝኩት፣ ከጀርባው ቀርቤ፣
ሳሉ እስኪተወው፣ ትንፋሼን ቆጥቤ።
ስድሳ አራት ኪሎ ነው (መመዘን ለመድኩ)፤
ርቀት? የትም አልሄድን። አልወሰድኩት፤ ያዝኩ።
ካረፈ በኋላ ክንዴ ሥራ ፈታ፤
ለዚህ ነው የመጣሁት፣ ትምህርት በማታ።

ስድሳ አራትን በዜሮ አባዛሁ በልቤ።
ዜሮ መጣልኝ።

ረቡዕ ሚስተር ሱማግ፣ ክረምት ከበጋ
በዚያ ሁሉ ወበቅ ኮቱ እንደተዘጋ፣
ጥያቄ ይዘረጋል፣ እንደ አጥማጅ መረብ፤
ማንም አያመልጠው፣ ሩቅም ሆነ ቅርብ።
‹ማንም ያላየው ድርጊት፣ ማንም ያልመዘነው፣
ተደርጓል ወይ?› አለን፤ ‹አዎ ካልን፣ ለምን ነው?›
ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ብቻውን ያቃስታል።
አንዱ ልጅ፣ ‹ካሜራ ካለ...› ብሎ ጀመረ፤ ሳቅ ዋጠው።
እጄን አነሣሁ።
አወረድኩት።
ሃምሳ ሁለት ዓመት ያልጠየቁት አፍ
በአንድ ረቡዕ ማታ ከየት ይትረፍረፍ?

ዓርብ አሠልጣኝ ባልዶሜሮ ፊሽካውን ነክሶ፦
‹በክርን ተደገፉ! ጀርባ እንደ ሳንቃ!
ስልሳ ሰከንድ! እንዳትነቃነቁ!›
ሃያ ሦስት ልጅና አንዲት ባልቴት ሲሚንቶ ላይ።
አሥር፣ ቀላል ነበር። ሃያ፣ ክንዴ ጠና።
ሠላሳ ላይ ጉልበት ከጉልበቴ ወጣና
አርባ ላይ ራድኩኝ። ላቤ ከግንባሬ
ጠብ፣ ጠብ፣ ክብ፣ ክብ፣
ዜሮ ይጽፍ ጀመር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ከሥሬ።
ኔልሚ ወደቀች፤ ሳቀች። ‹ተዪው ማናንግ!›
አልተውኩም። የማውቀው ነገር ነው፣
ሳይሄዱ መድከም።
ስልሳ። ፊሽካ።
(ለመነሣት ግን ሁለት ልጆች ጎተቱኝ፤ ይህንንም ልናገር።)

ሰኞ ቀድሜ ገባሁ፤ ሰሌዳ ትጠርጋለች።
‹ግድግዳው ካልሄደ› አልኳት፣ ‹ላቡ ከየት መጣ?›
ዳስተሩን አስቀምጣ፣ ከጎኔ ተቀምጣ፣
‹ጡንቻ ውስጥ› አለችኝ፣ ‹ክሮች አሉ ስስ፤
አንዱ ስቦ ሲለቅ፣ ሌላው ሲመለስ፣
ክንድዎ የቆመ ሲመስል፣ ውስጥ ውስጡን ሲያርስ፣
ያድራል። ዜሮው የግድግዳው ነው› አለች፣
‹የእርስዎ አይደለም።›

ይህን ሚስተር ሱማግ ይስማው ብዬ ነበር፤
ረቡዕ ጎርፍ ሆነ፣ ትምህርት ቀረ።

ፈተናው መጣ። ጥያቄ አራት፦
‹አንዲት ሴት ሃያ ኪሎ ሩዝ እንደያዘች
አንድ ሰዓት ቆማለች። የሠራችው ስንት ነው?›
ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ነጥቤን ለማንም አልጥልም።
ብቻ ሰፋ አድርጌ ሣልኳት፣
ከመስመሩ አውጥቼ፣ እስከ ጥያቄ አምስት አፋፍ፣
አንድ ሳል የያዘው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ
ሊደገፍባት የሚችል ያህል።